በአንድ ብሎን የሚፈተን ልክ

እኔ ጥርስ ሠሪ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ የክሊኒካችን ሐኪም አፍ ውስጥ ትሠራለች፣ እኔ ጠረጴዛ ላይ እሠራለሁ። ይህንን ለሰው አስረድቼ ስለማልጨርስ ሙያዬን የሚጠይቀኝን ሁሉ «ክሊኒክ ውስጥ ነኝ» ብዬ አልፈዋለሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ጨጓራው የማያማክረኝ የለም።

በሥራችን ከታካሚ አፍ የምንሻው መልስ አንድ ነው። የሠራነውን አስገብተን «ምን ይሰማዎታል?» ብለን ስንጠይቅ ሰውየው ጥቂት አሰብ አድርጎ «ምንም» ካለ፣ ነገሩ ልኩን አግኝቷል ማለት ነው። ቆነጠጠኝ፣ ወጠረኝ፣ ከበደኝ ካለ አላገኘም። እኔ ግን የተወለድኩት መርሳ ነው፣ የምሠራውም ወልድያ። በእኛ አገር ምን ይሰማሃል ተብሎ «ምንም» የሚል ሰው አይገኝም። ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፣ ሙስሊሙ «አልሐምዱሊላህ» ይላል። እግሩ የተሰበረውም ልጁን የዳረውም እኩል ነው የሚመልሱት። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

ይህ ነገር ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ያሳዩኝ አንድ የመርሳ ሸህ ናቸው። ሸሁ የአባቴ ጎረቤት ነበሩ፤ ግቢያችንን ከግቢያቸው የሚለየው የእንጨት አጥር ብቻ ነው። አባቴ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበር፣ እሳቸው ደግሞ በረንዳቸው ላይ የሰፈሩን ልጆች ቁርአን ያቀራሉ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ልጆቻቸውን ካሰናበቱ በኋላ አንዱ ከወዲህ አንዱ ከወዲያ አጥሩን ተደግፈው ይጨቃጨቃሉ። ዝናቡ ዘንድሮ መቼ ይገባል፣ ማሽላው ይደርሳል አይደርስም፣ የማን ተማሪ ይበልጥ ሰነፍ ነው፤ ርዕስ አጥተው አያውቁም። አባቴ «የእኔዎቹ ሲያነቡ እንቅልፍ ይዟቸው ይሄዳል፤ የአንቱዎቹ ግን የተኛውን ሰፈር ይቀሰቅሳሉ» እያለ ይተርባቸው ነበር። እኔን ሸሁ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ለእሳቸው «የመምህሩ ልጅ» ነኝ።

የላይ ጥርሳቸውን አብዛኛውን የድድ በሽታ ጨረሰው፤ የተረፉትን ደግሞ ወደ ውርጌሳ ሲሄዱ የተገለበጠ ባጃጅ ጨረሰላቸው። እንደማንኛውም ሰው የሚወልቅ ጥርስ ተሠራላቸው። ለመብላት ክፉ አልነበረም፣ ቁርአን ለመቅራት ግን አልሆነም። ሲቀሩ ምላስ የላይኛውን ጥርስ ጫፍ ነክታ የምታወጣቸው ድምፆች አሉ፤ ምላሳቸው በነካችው ቁጥር ጥርሱ ከላንቃቸው እየተላቀቀ ይነሳል። አንድ ረመዳን የማታውን ሶላት፣ ተራዊህን፣ እያሰገዱ፣ መስጊዱ ሙሉ ሰው ከኋላቸው እያለ፣ ጥርሱ አፈትልኮ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ማንም አልሳቀም። እሳቸው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከፊት መቆም ተዉ። ዕድሜ ልካቸውን ያሰገዱት ሰው በየዓመቱ ከኋለኛው ረድፍ ግድግዳውን ተጠግተው መቆም ጀመሩ። ይህን የነገረኝ አባቴ ነው። ነገሩን ሲጨርስ «አንተ እኮ ጥርስ ሠሪ ነህ» አለና ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ። አባቴ ሲለምን እንዲህ ነበር።

ሸሁን ወደ ወልድያ ይዣቸው መጣሁ። ሐኪሟ የወለቀ ጥርስን በአጥንት ውስጥ በሚተከል ብሎን መተካት ተምራ ከተመለሰች ብዙም አልቆየችም። ዓረብ አገር ያሉት ልጆቻቸውም «ይሠራላቸው» አሉ። በጥር ወር አምስት ብሎኖች ላይኛው መንጋጋቸው ውስጥ ተተከሉ። የሸሁ አጥንት ስስ ነበር። ሐኪሟ የመጨረሻውን ከተከለች በኋላ ጓንቷን እያወለቀች «ከእነዚህ አንዱ ቢለቅ ሌላ የምተክልበት ቦታ የለኝም» አለችኝ። እኔም ያንን ነገር ከጭንቅላቴ አላወጣሁትም።

ብሎኖቹ ከአጥንቱ ጋር እስኪዋሃዱ ወራት ይፈጃል፤ እንዳይጫናቸው የሚወልቀውም ጥርስ እስከዚያ አይደረግም። ከዚያ በኋላ ነው የእኔ ሥራ የሚመጣው። በአምስቱ ብሎኖች ላይ እንደ ቅስት ዞሮ የሚያርፍ፣ ጥርሶቹ የሚደረደሩበት አንድ ወጥ ቁራጭ አለ፤ ፍሬም እንለዋለን። የተፈጥሮ ጥርስ አጥንቱ ውስጥ እንደ ስስ ፍራሽ ያለ ነገር ላይ ነው የተቀመጠው፣ ሲገፉት ጥቂት እሺ ይላል። ብሎን እሺ አይልም። ስለዚህ ፍሬሙ ሳይገፋ፣ ሳይጎተት፣ በራሱ ክብደት ቁጭ ማለት አለበት። ቁጭ ማለቱን የምናውቅበት ቀላል ፈተና አለ። በአንደኛው ዳር ያለውን ብሎን ብቻ ታጠብቃለህ፣ ሌሎቹን አትነካም። ልኩ ልክ ከሆነ በሌላው ዳር ምንም አይነሳም። ካልሆነ ያኛው ዳር ቀና ይላል፣ ከሥሩም ክፍተት ይታያል። ሁሉንም ብሎን ብታጠብቅ ክፍተቱ ይጠፋል፤ የሚጠፋው ግን ከዓይን ነው። አጥንቱ ያንን ጉተታ ተሸክሞት ይከርምና አንድ ቀን ብሎኑን ይለቀዋል።

ልክ የወሰድነው በሰኔ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ በየብሎኑ ላይ አንዳንድ መለኪያ ዘንግ ይታሰራል፣ ዘንጎቹ በሚደርቅ ፕላስቲክ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ተነስቶ ጄሶ ይፈስበታል። ዘንጎቹ እስከ ታች መድረሳቸውን በራጅ ማየት ነበረብን። ነገር ግን ያን ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር። ጄኔሬተሩም ነዳጅ አልነበረውም። ሸሁ ከመርሳ ድረስ መጥተዋል፣ ውጭ ዝናብ ይወርዳል፣ በባዶ እጃቸው መመለሱ ከበደን። ስለዚህ በአፍ ጠየቅናቸው።

«ሸህዬ፣ የሚቆነጥጥዎት ቦታ አለ?» አለች ሐኪሟ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ።

«በዚህ በኩልስ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ወላሂ ደህና ነኝ። አላህ ይስጥልኝ።»

ሐኪሟም እኔም የዚሁ አገር ልጆች ነን። መልስ መሰለን። ጄሶውን አፈሰስኩ፣ አዲስ አበባ ላለው ላብራቶሪ ላክሁ፣ እነሱም ልኩን ወደ ኮምፒውተራቸው አስገቡት። ፍሬሙ ተሠርቶ እስኪመጣ ስንጠብቅ ጦርነቱ ቀድሞ ደረሰ።

ነሐሴ ሳይጋመስ ወልድያ ባዶ መሆን ጀመረች። በእግርም በመኪናም ሰው ወደ ደሴ ይጎርፋል። እኔ ያገኘሁት ሚኒባስ መርሳ ላይ ሲቆም ወርጄ ወደ ቤት ሮጥኩ። አባቴ ስኳር ሕመምተኛ ነው፣ በየቀኑ መርፌ ይወጋል። እንሂድ አልኩት።

«የት ነው የምሄደው?» አለኝ። «መድኃኒቴን ገንቦ ውሃ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፣ አይበላሽም። ይሄ ነገር ሳምንት ቢቆይ ነው። ደግሞ ሸሁ አይሄዱም።»

ሸሁ ከአጥሩ ወዲያ ቆመው ነበር። «ሂድ አንተ፣ ወጣት ነህ፣ አንተን ነው የሚፈልጉህ» አሉኝ። «እኛ ሽማግሎቹ አለንልህ፣ እንጠባበቃለን።» ጥርስ ስላልነበራቸው ቃሉ ሁሉ ተድጦ ነበር የሚወጣው፣ ግን ገባኝ። አባቴን ስሜ ወጣሁ። እስከ ውርጌሳ ድረስ መንገዱ ፍራሽ በተጫኑ አህዮችና ልጅ ባዘሉ እናቶች ተሞልቶ ነበር። በማግስቱ ስልክ ጠፋ።

አዲስ አበባ ያ ላብራቶሪ ሥራ ሰጠኝ። ባለቤቱ ደግ ሰው ነው፤ ደግሞ አዲስ ማሽን ገዝቶ ስለነበር የሚጫወትበት ሰው ይፈልጋል። ማሽኑ የጋራዥ ሰዎች ፍሬዛ የሚሉት ዓይነት ነው፣ ግን በኮምፒውተር የሚታዘዝና እንደ ሰዓት ሠሪ እጅ የረቀቀ። ድፍን ቁራጭ ትሰጠዋለህ፣ ትእዛዙን ታነብለታለህ፣ እሱም የማያስፈልገውን ሁሉ እየፈለፈለ ይጥልና ፍሬሙን ብቻ ያስቀርልሃል። የሸሁ ልክ እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። «ከተለያየ ነገር ሠርተህ እስቲ የቱ ይበልጥ ልክ ይመጣል፣ እንየው» አለኝ ባለቤቱ። እኔም እጄ ሥራ እንዳይፈታ ብዬ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ከፕላስቲክ ሠራሁት። ከዚያ ክሮም ኮባልት ከሚባለው ጠንካራ ብረት። ከዚያ ከዚርኮኒያ፤ ይህኛው ሲፈለፈል እንደ ጠመኔ ነው፣ እቶን ገብቶ ነው የሚጠነክረው። እቶን ውስጥ ስለሚኮማተር ደግሞ አስቀድሞ አተልቆ መፈልፈል ያስፈልጋል። በመጨረሻ ከታይታኒየም ሠራሁ። እያንዳንዱን ጄሶው ላይ እያስቀመጥኩ፣ አንድ ብሎን ብቻ እያጠበቅሁ፣ ሌላውን ዳር በማጉያ አየሁት። ዚርኮኒያው ከእቶን ሲወጣ በጣም ጥቂት፣ ከቁጥር የማይገባ ያህል ይነቀነቃል። ክሮሙ ጥሩ ነበር። ታይታኒየሙ ግን ቁጭ ሲል ድምፅ እንኳ የለውም። ፕላስቲኩም አልተነሳም፣ እሱ ግን ምን ያድርግ፤ ፕላስቲክ ከተጫኑት ጋር ሁሉ ይስማማል። ባለቤቱ ደስ አለው። እኔም ደስ ብሎኛል አልኩ።

ጠዋት ጠዋት ወደ አባቴ ስልክ እደውላለሁ። ያቺ የስልክ ሴትዮ አሁን ማግኘት አይችሉም ትለኛለች። ከዚያ ታይታኒየሙን ከሳጥኑ አወጣና ጄሶው ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ አነሳዋለሁ፣ እንደገና አስቀምጠዋለሁ። በዚያ ሁሉ ወራት ቦታው የሚገባ አንድ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነበር።

በታኅሣሥ መንገዱም ስልኩም ተከፈተ። የደወለልኝ የአጎቴ ልጅ ነው። አባቴ በጥቅምት አርፏል። ገንቦ ውስጥ የነበረው መድኃኒት አልቆ፣ ሌላ የሚገኝበት ቦታ ጠፍቶ ነው። ከሰፈሩ ወንድ የቀረው ጥቂት ስለነበር ሬሳውን ከቤተ ክርስቲያን ያደረሱት አብዛኞቹ ሙስሊም ጎረቤቶች ናቸው፤ ሸሁም ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበሩ። ይህን ሰምቼ ስልኩን ዘጋሁና ማሽኑ ሥራውን እስኪጨርስ ቆሜ ጠበቅሁ። አላለቀስኩም። ተናድጄ ነበር፣ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

መርሳ ስደርስ ቤታችን ቆሟል። በሩ ተሰብሯል፣ የአባቴ መጻሕፍት ግቢው ውስጥ ዝናብ በልቷቸዋል። የሸሁንና የእኛን ግቢ የሚለየው አጥርም መሀሉ ላይ ተነቅሎ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ተከፍቶበታል። ለማገዶ ነቅለውት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ለቅሶ ተቀመጥኩ። ሰው እየመጣ «እግዜር ያጥናህ፣ እንዴት ነህ?» ይለኛል። «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። እኔም በተራዬ «እናንተስ እንዴት ከረማችሁ?» እላለሁ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሐምዱሊላህ» ይሉኛል። ቤቱ የተቃጠለበትም ልጁ የጠፋበትም እዚያው ነበሩ። ሸሁ ለቅሶው እስኪያበቃ አጠገቤ ተቀመጡ። አባቴ እንዴት እንደሞተ አልጠየቅኋቸውም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም። ዝም አይነቅዝም ይላል የአገሬ ሰው። እኔ ግን ሲነቅዝ አይቼዋለሁ።

ክሊኒኩ ተዘርፏል። የአየር መጭመቂያው የለም፣ የወንበሩ ቆዳ ተቀዷል፣ ራጁም ሄዷል። ሐኪሟ ከሁላችንም ቀድማ ተመልሳ መጥረጊያ ይዛ ጠበቀችኝ። ወንበሩን በሸራ ለበጥነው፣ ተንቀሳቃሽ ራጅ ከወዳጆቿ ተዋሰች፣ በየካቲት በሩን ከፈትን። የመጀመሪያው ታካሚ ሸሁ እንዲሆኑ ተስማማን። ሚስታቸውን አስከትለው መጡ። እሳቸው ዝምተኛ፣ ሚስታቸው ደግሞ የሁለት ሰው ያህል የሚናገሩ ናቸው።

ሐኪሟ ድዳቸውን ከፍታ አየች። አምስቱም ብሎኖች እንዳሉ ነበሩ። ያን ሁሉ ወራት በገንፎና በአጥሚት ከርመው አጥንታቸው ሥራውን ሠርቷል። ሁላችንም ደስ አለን። «ረመዳን በመጋቢት መጨረሻ ይገባል» አሉ ሸሁ። ሌላ አላሉም። ከፊት መቆም እንደሚፈልጉ ሁላችንም እናውቃለን።

መጀመሪያ ፕላስቲኩን ለሙከራ አስገባሁ። ቁጭ አለ። አንድ ብሎን አጠበቅሁ፣ ሌላው ዳር አልተነሳም። ሸሁ በመስታወት አዩትና ፊታቸው በራ። ከዚያ ታይታኒየሙን አመጣሁ፤ ያንን አዲስ አበባ ሳስቀምጠውና ሳነሳው የከረምኩትን። በቀኝ ዳር ያለውን ብሎን አጠበቅሁ። የግራው ዳር ቀና አለ።

አላመንኩም። አላልቼ እንደገና አጠበቅሁ፣ እንደገና ተነሳ። ክፍተቱ ከወረቀት ጠርዝ አይበልጥም፣ ግን አለ። ሐኪሟ በመስታወቷ አየችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ብታጠብቀው ይወርዳል እኮ» አሉ ሸሁ። አፋቸው ተከፍቶም ቢሆን ገባኝ።

እውነታቸውን ነው፣ ይወርዳል። ካቻቢቴው እጄ ላይ ነው፣ ሁለት ጊዜ ባዞረው ክፍተቱ ይዘጋል፣ ሰውዬው ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ፣ ረመዳንን ከፊት ቆመው ያሰግዳሉ። አጥንቱ የሚለቅበት ቀን ሩቅ ነው። ሐኪሟም ያሰበችው ይህንኑ እንደሆነ ኋላ ነግራኛለች። እኔ ግን «አንዱ ቢለቅ ሌላ ቦታ የለኝም» ያለችው ጆሮዬ ላይ ነበር። አወጣሁት።

ጄሶው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት፤ ጸጥ ብሎ ቁጭ አለ። አፋቸው ውስጥ መለስኩት፤ ተነሳ። ክሮሙን ሞከርኩ፤ በዚያው ቦታ ተነሳ። ዚርኮኒያውም በዚያው ቦታ።  ማሽኑን ረገምኩ፣ የላብራቶሪውን ባለቤት ረገምኩ፣ መንገዱንም ሳይቀር ረገምኩ። ረግሜ ስጨርስ ግን ነገሩ ተገለጠልኝ። የተለያዩ ሦስት ነገሮች በአንድ ብሎን ላይ እኩል ከተሳሳቱ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፣ የልኩ ነው። ፕላስቲኩም የገባው ልክ ስለሆነ አይደለም። ጎብጦልን ነው።

«ልክ በወሰድን ቀን በዚህ በግራ በኩል ያለው አራተኛው ዘንግ እስከ ታች አልወረደም» አልኩ ለሐኪሟ። «ድዱ ከሥሩ ገብቶ ነበር።»

«ገብቶ ቢሆን ይቆነጥጣቸው ነበር እኮ። ጠይቄያቸዋለሁ።»

ይህን ጊዜ ሚስታቸው ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ተነሱ። «እንዴት አልቆነጠጣቸው!» አሉ። «ያን ቀን እቤት ሲገቡ ጉንጫቸውን ይዘው ነው የገቡት። በጉጠት የያዙኝ ያህል ቆነጠጡኝ ብለው ሌሊቱን አላስተኙኝም። ለሐኪሟ አልነገሩም እንዴ አንቱ ሰውዬ?»

ሸሁ አፋቸውን ዘጉ። ከዚያ ቀስ ብለው «እንዴት ብዬ» አሉ። «ልጆቹ ለእኔ ብለው በጨለማ ደክመው፣ ቆነጠጣችሁኝ እላቸዋለሁ? ነውር አይደለም? አላህንስ ማማረር አይሆንም?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም!» አሉ ሚስታቸው።

ሳቅ አመለጠኝ። ሐኪሟም ሳቀች፣ ሸሁም ድዳቸውን አሳይተው ሳቁ። ስንስቅ ቆይተን እኔ ግን ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ሊለወጥብኝ ሲል ተነስቼ ወደ ጠረጴዛዬ ሄድኩ።

በዚያው ሳምንት እንደገና ልክ ወሰድን። ሐኪሟ ከመጀመሯ በፊት ሸሁን «ዛሬ ምስጋና አልቀበልም» አለቻቸው። «ምስጋናውን ለአላህ ያድርጉልኝ። ለእኔ የሚቆረቁርዎትን ብቻ ይንገሩኝ።» አራተኛው ዘንግ ላይ ስትደርስ ሸሁ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ከንፈራቸው «አል…» ብሎ ጀመረ። ሚስታቸው ከኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እዚህ ጋ» አሉ ሸሁ። «እዚህ ጋ ቆነጠጠኝ።»

ሐኪሟ ድዱን ፈቀቅ አድርጋ ዘንጉን አስቀመጠችው። ራጁን አነሳን፤ ሁሉም እስከ ታች ደርሰዋል። ሸሁ ከወንበሩ ሲወርዱ አንድ ከባድ ሥራ የጨረሰ ሰው ይመስሉ ነበር።

አዲሱን ጄሶ ለሰው አላምን ብዬ ራሴ ይዤው ሄድኩ። እንዳይሰበር ሚስታቸው በሰጡኝ የአገራችን የሐብሩ ማሾ መሀል ካርቶን ውስጥ ቀበርኩት። አንድ ኬላ ላይ ወታደሩ እጁን ማሾው ውስጥ ከትቶ የሸሁን መንጋጋ አወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የአንድ ሸህ ላንቃ ነው።»

«ሸሁስ?»

«መርሳ ናቸው።»

ወታደሩ ሳቀና አፉን በእጁ ሸፈነ። ጥርሱ መሀል አንድ ክፍተት እንደነበረው አይቻለሁ፤ በኋላ ይህችን ነገር የት ነው የምትሠሩት ብሎ ጠይቆ አሳለፈኝ። አዲስ አበባ ደርሼ ማሽኑ ስር ታይታኒየም አስገባሁ። ክሮም፣ ዚርኮኒያ፣ ሌላ ነገር አላልኩም። የቱ ነገር የተሻለ ልክ እንደሚሰጥ ከዚህ በፊት አይቻለሁ፤ ልኩ ራሱ ካልተነገረህ ግን የትኛውም እንደማያድንህም አይቻለሁ።

ጥርሶቹን ወልድያ ላይ ደርድሬ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ጠራናቸው። ሐኪሟ ፍሬሙን አስቀመጠች። የቀኙን ዳር ብሎን ብቻ አጠበቅሁ።  ሁለታችንም ጎንበስ ብለን የግራውን ዳር አየን። አልተነሳም። የግራውን አጥብቀን የቀኙን አየን። አልተነሳም። ከዚያ ሁሉንም አጠበቅን።

«ሸህዬ፣ ምን ይሰማዎታል?» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። በቀስታ ጥርሳቸውን ገጠሙ፣ ከፈቱ፣ እንደገና ገጠሙ። ብዙ ቆዩ። 

«ምንም» አሉ። ዓይናቸውን ከፈቱና በመገረም አዩኝ። «ወላሂ ምንም አይሰማኝም።»

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ እኔ። ክርስቲያን መሆኔ ትዝ ያለኝ ሁሉም ሲስቁ ነው።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከቁርአኑ ጥቂት ቀሩ። ምላሳቸው የጥርሱን ጫፍ እየነካች ትመለሳለች፣ ጥርሱ አይነቃነቅም። ሚስታቸው በሻሻቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። በዚያ ረመዳን ከፊት ቆመው አሰገዱ፤ የአባቴን ግቢ ሳጸዳ ድምፃቸው እስከ አጥሩ ይሰማኝ ነበር። እኔ የማልረሳው ግን ያን ቀን ክሊኒኩ ውስጥ ቀጥሎ የሆነውን ነው።

ዕቃዬን ስሰበስብ ሸሁ ከወንበሩ አልወረዱም። «አንተስ፣ የመምህሩ ልጅ?» አሉኝ። «እኔን ይሄን ሁሉ ጊዜ ስትጠይቀኝ ከረምክ። አንተን የጠየቀህ የለም። ምን ይሰማሃል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» ልል አፌን ከፈትኩ። ሐኪሟ ታየኛለች። ሚስታቸው ያዩኛል። አልወጣልኝም።

«መድኃኒቱ እንዳለቀ ሰምቻለሁ፣ አባቴ እንዴት እንደሞተ ግን አላውቅም» አልኩ። «ያ ነው የሚሰማኝ። እሱ ነው የሚቆነጥጠኝ።»

ሸሁ እጄን ይዘው ወደ ራሳቸው አስጠጉኝ። «ስትጠይቀኝ ልነግርህ ነበር» አሉ። «አልጠየቅክም፣ እኔም ፈራሁህ።»

ከዚያ ነገሩኝ። አንድም ቃል አልተዳጠም፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ወጣ። «መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ብዙ አልቆየም። በመንገድ መውጣት ያስፈራ ነበርና አጥሩን ነቅዬ በዚያ ነበር የምገባ። ጠዋትም ማታም እገባለሁ። እንዴት ነህ ስለው እግዚአብሔር ይመስገን ነው የሚለኝ፤ ታውቀዋለህ አባትህን። በመጨረሻው ቀን ግን እንደዚያ አላለኝም። ሸህዬ፣ ጠማኝ አለኝ። ውሃ ብቻ። ቀና አድርጌ ከእጄ አጠጣሁት። ደግሞ ጠማኝ አለኝ፣ ደግሞ አጠጣሁት። እየጠጣ ነው የሄደ። ብቻውን አልነበረም።»

የሸራው ወንበር ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ፣ በታኅሣሥ ማልቀስ የነበረብኝን ያን ቀን አለቀስኩ። ሐኪሟ በሩን ዘጋች፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ታካሚ አልተቀበልንም።

አጥሩን እስከ ዛሬ አልደፈንኩትም።